አሮጌው የቫልቭ ራዲዮ አዲሱን ዲጂታላዊ ሥርጭት ይሰማ ይሆን?

በደሴ በፒያሳም ሆነ በሸዋበር፣ ወይም ሐረጎን ተሻግረን ወደ ኮምቦልቻ ወረድ ስንል፣ በነባር ቤቶች የሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል የለበሰ አንድ የእንጨት ሣጥን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ፊቱ በወርቃማ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ከታች የነጫጭ ቁልፎች ረድፍ ያለው፣ በመስታወቱ ላይ የሩቅ አገር ከተሞች ስም የተጻፈበት ይህ ሣጥን የአያቶቻችን ራዲዮ ነው። ማብሪያው ሲጫን ወዲያው አይናገርም፤ በውስጡ ያሉት ቫልቮች እስኪግሉ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል። ዛሬ ግን አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ራዲዮኖች ዝም ብለዋል፤ ከፊሎቹ ተበላሽተው፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሳይበላሹ የሚሰሙት ጣቢያ አጥተው ነው።

ለመሆኑ ይህ መሣሪያ ከሳተላይትና ከሌሎች ምንጮች በዲጂታላዊ መልክ የሚመጣውን የዛሬውን ሥርጭት እንዲሰማ ማድረግ ይቻላልን? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። መልሱን አስቀድመን ለመናገር ያህል፣ ይቻላል፤ ነገር ግን «ይቻላል» የሚለው ቃል በሦስት መንገዶች የሚፈታ ሲሆን፣ የሦስቱም ዋጋና ትርጉም እጅግ የተለያየ ነው። ልዩነቱን የሚረዳ ተማሪ ስለ ራዲዮ ቴክኖሎጂ ዋና ዋናውን ቁም ነገር ተረድቷል ማለት ይቻላል።

የሣጥኑ ውስጥ

የቫልቭ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1904 እንግሊዛዊው አምብሮዝ ፍሌሚንግ ባለሁለት ኤሌክትሮዱን ዳዮድ በሠራበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ሦስተኛ ኤሌክትሮድ ጨመረበት። አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። አየር በተመጠጠለት የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ካቶድ የተባለው ክፍል ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ አኖድ የተባለው ደግሞ በከፍተኛ ቮልቴጅ እየሳበ ይቀበላቸዋል። በመካከላቸው ያለው ግሪድ የተባለ ቀጭን የሽቦ ፍርግርግ የኤሌክትሮኖቹን ፍሰት እንደ ቧንቧ ቁልፍ ይቆጣጠራል። በግሪዱ ላይ የሚደርሰው ደካማ የቮልቴጅ ለውጥ በአኖዱ በኩል ትልቅ ለውጥ ሆኖ ይወጣል። ማጉላት ማለት ይኸው ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩት የቤት ራዲዮኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን፣ ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1918 ያፈለቀውን ሥርዓት የሚከተሉ ናቸው። በዚህ ሥርዓት ከአንቴናው የመጣው ሞገድ ራዲዮው ራሱ ከሚያመነጨው ሌላ ሞገድ ጋር ይቀላቀላል። የሁለቱ ልዩነት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆን ይደረጋል፤ በብዙ ራዲዮኖች ወደ 455 ኪሎ ኸርዝ ነው። ለምሳሌ በአጭር ሞገድ 9,500 ኪሎ ኸርዝ ላይ ያለ ጣቢያ ለመስማት ስንፈልግ የውስጡ ሞገድ አመንጪ (ኦሲሌተር) በ9,955 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል፤ ልዩነቱ 455 ይሆናል። ይህም መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ይባላል። ከዚያ በኋላ ምልክቱ ይጎላል፤ ዲቴክተር በተባለው ክፍል ድምፁ ከተሸካሚው ሞገድ ይለያል፤ በመጨረሻም የድምፅ ማጉያው ቫልቭ ስፒከሩን ያንቀሳቅሳል።

እንግዲህ ራዲዮውን እንደ አንድ ቤት ብናየው ሦስት በሮች አሉት። የፊት በሩ አንቴናው ነው፤ የውስጥ በሩ መካከለኛ ፍሪኩዌንሲው ነው፤ የጓሮ በሩ ደግሞ የድምፅ ማጉያው መግቢያ ነው። አዲሱን ሥርጭት በየትኛው በር እናስገባው የሚለው ነው የጽሑፋችን ፍሬ ነገር።

ዲጂታላዊ ሥርጭት ምንድን ነው?

በተለመደው አናሎግ ሥርጭት የተሸካሚው ሞገድ ጉልበት ወይም ፍሪኩዌንሲ የተናጋሪውን ድምፅ ተከትሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ሞገዱ የድምፁ አምሳያ ስለሆነ አንድ ዳዮድ ብቻ ድምፁን ሊለየው ይችላል። በዲጂታላዊ ሥርጭት ግን ድምፁ አስቀድሞ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ቁጥሩ ይጨመቃል፤ በመንገድ ላይ የሚደርሰውን ስሕተት ማረም እንዲቻል ተጨማሪ መረጃ ይታከልበታል፤ ከዚያም በሞገድ ላይ ይጫናል። አሮጌው ዳዮድ እንዲህ ያለውን ሞገድ ቢቀበል የሚያሰማን የፏፏቴ ዓይነት ሹክሹክታ ብቻ ነው።

የመጨመቁን ነገር በቁጥር እንመልከተው። የሙዚቃ ሲዲ በሴኮንድ 1,411 ኪሎ ቢት ያህል መረጃ ያወጣል። ዲ አር ኤም የተባለው የአጭርና የመካከለኛ ሞገድ ዲጂታላዊ ሥርዓት ግን በ10 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ውስጥ ሊያሳልፍ የሚችለው ወደ 20 ኪሎ ቢት ገደማ ነው። ስለዚህ ድምፁ ወደ 70 ጊዜ ያህል መታመቅ አለበት። ይህን ማድረግ የተቻለው የሰው ጆሮ የማይለየውን የድምፅ ክፍል መርጦ የሚጥል የሒሳብ ዘዴ በመገኘቱ ነው።

መረጃው በሞገዱ ላይ የሚጫንበት መንገድም ልብ ሊባል ይገባዋል። አንድ ነጋዴ ጨው ወደ ደሴ ሊያወጣ ፈለገ እንበል። ጭነቱን ሁሉ በአንድ ፈጣን በቅሎ ላይ ቢያደርገውና በቅሎዋ በሐረጎ ዳገት ላይ ብትሰናከል ሁሉንም ያጣል። ጭነቱን ከፋፍሎ በዝግታ በሚሄዱ 200 በቅሎዎች ላይ ቢያደርገው ግን ጥቂቶቹ ቢቀሩም አብዛኛው ጭነት ይደርሳል። ዲ አር ኤም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መረጃውን ጎን ለጎን በሚጓዙ 200 ያህል ጥቃቅን ተሸካሚ ሞገዶች ላይ ያከፋፍላል፤ ለአጭር ሞገድ በሚመረጠው አሠራር በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት 46.875 ኸርዝ ብቻ ነው። የጠፋውን ደግሞ ቀድሞ በተጨመረው የማረሚያ መረጃ ይተካዋል። ይህን ቁጥር እንያዘው፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

የኢትዮጵያዊው ሳተላይት ራዲዮ ትምህርት

ስለ ዲጂታላዊ ራዲዮ ሲነገር የአገራችን ተማሪ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። ከኢትዮጵያዊት እናትና ከሱዳናዊ አባት በአዲስ አበባ የተወለደው ኖኅ ሳማራ እ.ኤ.አ. በ1990 ወርልድ ስፔስ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ዓላማው ለአፍሪካና ለእስያ ከሳተላይት በቀጥታ ወደ ትንሽ ራዲዮ የሚወርድ ዲጂታላዊ ድምፅ ማሰራጨት ነበር። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 ከኩሩ ተወንጭፋ በ21 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆመች፤ እስያስታር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ተከተለቻት። ተቀባይ መሣሪያዎቹን ሂታቺ፣ ጄ ቪ ሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ሠሩ። መዳፍ በምታህል ጠፍጣፋ አንቴና፣ ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ ጥርት ያለ ድምፅ መስማት ተቻለ።

ይሁን እንጂ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ተገደደ፤ ብዙም ሳይቆይ አገልግሎቱ ተቋረጠ። መሣሪያዎቹ አንድም ብልሽት ሳይኖርባቸው ዝም አሉ፤ ለሌላ ሥርጭት የሚያገለግሉ አልነበሩምና። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር እንታዘባለን። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራ የቫልቭ ራዲዮ ዛሬም በአጭር ሞገድ የቀረውን ጣቢያ ሊሰማ ይችላል፤ ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተሠራው ዲጂታላዊ ራዲዮ ግን ምንም አይሰማም። የአናሎግ ሥርጭት ቋንቋ ቀላልና ለሁሉም የጋራ ስለሆነ ዕድሜው ረጅም ነው፤ የዲጂታላዊው ሥርጭት ቋንቋ ግን በየጊዜው ይለዋወጣል። ይህን ልዩነት አለመዘንጋት አሮጌ ራዲዮ ለመለወጥ ለሚነሣ ሰው የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

በሌላው ዓለም ዳብ የተባለው ሥርዓት በተለይ በአውሮፓ ተስፋፍቷል። የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ጀመረው፤ ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ የኤፍ ኤም ሥርጭቷን ዘግታ ሙሉ በሙሉ ወደ እርሱ ተሻገረች። ዲ አር ኤም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በይፋ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ህንድ ከ30 በሚበልጡ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎቿ ላይ ተክላዋለች። በአገራችን ቤቶች ድምፅ በዲጂታላዊ መልክ የሚገባው በዋነኛነት በዲሽና በሪሲቨር፣ እንዲሁም በስልክና በኢንተርኔት በኩል ነው።

ተራራና ሞገድ፤ ለምን ደሴ?

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጦሳና በአካባቢው ተራሮች ተከብባ የምትገኝ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በቦርከና ሸለቆ ትገኛለች። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ በተራራ ይጋረዳል። ከደሴ የተነሣ የኤፍ ኤም ሞገድ ሐረጎን ተሻግሮ እያንዳንዱን የኮምቦልቻ ጓዳ ይደርሳል ማለት አይቻልም።

አጭር ሞገድ ግን ከሰማይ ነው የሚመጣው። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለው ርቀት በአየር መስመር ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። ሞገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለው የአዮኖስፌር ንጣፍ ተንጸባርቆ ይመለሳል ብንል፣ ግማሽ መንገዱ 125 ኪሎ ሜትር፣ ቁመቱ 300 ኪሎ ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን እናገኛለን። የማዕዘኑ ታንጀንት 300 ÷ 125 = 2.4 ሲሆን፣ ማዕዘኑ ወደ 67 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ ሞገዱ በደሴ ላይ የሚወርደው ከአናት ገደማ በመሆኑ ተራራው አይከለክለውም።

አሁን ደግሞ ሳተላይቱን እንመልከት። ኢትዮሳት በሚል ስም የሚታወቁት ቻናሎች የሚመጡበት ሳተላይት የቆመው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከምድር ወገብ በላይ ነው። ደሴ በ11.1 ዲግሪ ሰሜንና በ39.6 ዲግሪ ምሥራቅ ስለምትገኝ፣ ሒሳቡ ሲሠራ ሳተላይቱ ከአድማስ በላይ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይታያል። እንግዲህ የአያቶቻችን አጭር ሞገድና የልጆቻቸው ሳተላይት ወደ ደሴ የሚገቡት ከሞላ ጎደል በአንድ ዓይነት ከፍታ ነው። በገደልና በተራራ መካከል የሚኖር ሕዝብ ሁለቱንም የወደደበት አንዱ ምክንያት በዚህ የሒሳብ ስሌት ውስጥ ይገኛል።

የጓሮ በር፤ ቀላሉ መንገድ

አውሮፓ ሠራሽ የሆኑ ብዙ የቫልቭ ራዲዮኖች ከጀርባቸው የሸክላ ማጫወቻ የሚሰካበት መግቢያ አላቸው። ፊት ለፊት ካሉት ነጫጭ ቁልፎች አንዱ ይህን መግቢያ ይከፍታል። ከዲሽ ሪሲቨሩ በቀይና በነጭ መሰኪያዎች የሚወጣው የግራና የቀኝ ድምፅ እያንዳንዱ በአንድ ኪሎ ኦም ሬዚስተር አልፎ በአንድነት ይገናኛል፤ ራዲዮው የሚያውቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነውና። ከዚያም በ0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በኩል ወደ ሸክላው መግቢያ ይገባል። ብዙዎቹ ሪሲቨሮች ከቴሌቪዥን ቻናሎች ለይተው የራዲዮ ጣቢያዎችን ስለሚዘረዝሩ፣ ጣቢያ ከተመረጠ በኋላ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ይቻላል። ድምፁ በትልቁ የእንጨት ሣጥንና በሰፊው ስፒከር ሲወጣ የሚሰጠው ሙቀት ያለው ለዛ ብዙዎችን የሚያስደስት ነው።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ከራዲዮው አንድም ሽቦ ሳይቆረጥ የሚሠራ መሆኑ ነው። ቁልፉ ወደ ቀድሞው ሲመለስ ራዲዮው ወደ አጭር ሞገዱ ይመለሳል። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። የጣቢያ መምረጫው፣ ቀላቃዩና የመካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ቫልቮቹ እየጋሉ ሥራ ፈት ሆነው ይቀመጣሉ። በትክክል ብንናገር ራዲዮው ድምፅ ማጉያ ሆነ እንጂ ዲጂታላዊ ሥርጭት ተቀበለ አይባልም።

የፊት በር፤ በቤት ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ሞገድ

ሁለተኛው ዘዴ ከሪሲቨሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ በመካከለኛ ሞገድ ላይ መጫን ነው። ጥቂት ሚሊ ዋት ብቻ ያለው ትንሽ ሞገድ አመንጪ፣ ለምሳሌ በ1,000 ኪሎ ኸርዝ ላይ፣ ድምፁን በጉልበት ለውጥ ይሸከምና በራዲዮው ዙሪያ በተጠመጠመች ሽቦ በኩል ወደ አንቴናው ይገባል። በዚህ ጊዜ ሁሉም ቫልቮች ሥራ ያገኛሉ፤ የጣቢያ መምረጫው መርፌ በመስታወቱ ላይ ሲጓዝ አረንጓዴዋ የማስተካከያ ዓይን ትጠባለች፤ ራዲዮው እንደ ጥንቱ ራሱ ፈልጎ ያገኘው ይመስላል። የሸክላ መግቢያ ለሌላቸው ራዲዮኖችም መፍትሔ ይኸው ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ሊታወሱ ይገባል። የመጀመሪያው፣ የመካከለኛ ሞገድ መስመር ጠባብ ስለሆነ ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለው የድምፅ ክፍል መጥፋቱ ነው። ሁለተኛው ሕግን የሚመለከት ነው። በአገራችን የራዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ሞገዱ ከክፍሉ ግድግዳ የማይወጣ መሆን አለበት፤ ሠሪውም ከመጀመሩ በፊት የሚፈቀደውን መጠየቅ ይኖርበታል። ረጅም አንቴና አበጅቶ ጎረቤትን ማሰማት ያለ ፈቃድ ጣቢያ መክፈት ነው።

የውስጥ በር፤ እውነተኛው መለወጥ

ሦስተኛው ዘዴ ከሁሉም የከበደው ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ትምህርቱ ግን ከሁሉም የበለጠ ነው። እዚህ ላይ ራዲዮው ራሱ በአንቴናው የዲ አር ኤም ሞገድ ይቀበላል፤ መርጦም ወደ 455 ኪሎ ኸርዝ ያወርደዋል። ከዚያ ላይ በጥቂት ፒኮ ፋራድ ካፓሲተርና በአንድ ትራንዚስተር አማካይነት ትንሽ ምልክት ይቀዳል፤ በ467 ኪሎ ኸርዝ ከሚሠራ ሌላ ሞገድ ጋር ይቀላቀላል። ልዩነቱ 467 − 455 = 12 ኪሎ ኸርዝ ይሆናል። 10 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ያለው ምልክት እንግዲህ ከ7 እስከ 17 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ይዘረጋል ማለት ነው። በሴኮንድ 48,000 ጊዜ ናሙና የሚወስድ የኮምፒዩተር የድምፅ ካርድ እስከ 24 ኪሎ ኸርዝ ድረስ በትክክል ስለሚያነብ ይህን ምልክት ያለ ችግር ይቀበለዋል። ቀሪውን ሒሳብ በጀርመን የዳርምሽታት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ድሪም የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ያከናውናል። የተፈታው ድምፅ ደግሞ በጓሮ በር በኩል ወደዚያው ራዲዮ፣ ወይም በጎኑ ወዳለ ሌላ ማጉያ ይመለሳል።

ሁለት እንቅፋቶች ግን ይጠብቁናል። የመጀመሪያው ስፋት ነው። የመካከለኛ ፍሪኩዌንሲው መጠምጠሚያዎች የተሠሩት ጎረቤት ጣቢያን ለመከልከል በመሆኑ ጠባብ ናቸው። 10 ኪሎ ኸርዝ ለማሳለፍ የአንድ መጠምጠሚያ የጥራት ቁጥር 455 ÷ 10 = 45.5 ገደማ መሆን ይገባዋል። ቁጥሩ 100 የሆነ መጠምጠሚያ ግን የሚያሳልፈው 4.55 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ነው፤ ከበቅሎዎቹ ግማሾቹ በር ላይ ይቀራሉ። መፍትሔው ከመጠምጠሚያው ጎን ሬዚስተር በማገናኘት የጥራት ቁጥሩን ሆን ብሎ መቀነስ ነው። ጉልበት ጥቂት ይጠፋል፤ በሩ ግን ይሰፋል።

ሁለተኛውና ከባዱ እንቅፋት የሞገድ አመንጪው መዋለል ነው። ቫልቭ ሲግል በዙሪያው ያሉት ክፍሎች ይለጠጣሉ፤ ፍሪኩዌንሲውም ይንሸራተታል። በ9,955 ኪሎ ኸርዝ ላይ የአንድ አሥር ሺኛ ያህል ለውጥ ቢኖር 995 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። ለአናሎግ ጣቢያ ይህ በእጅ የሚታረም ጥቂት መዛነፍ ነው። በዲ አር ኤም ግን ተሸካሚዎቹ የሚራራቁት በ46.875 ኸርዝ በመሆኑ ለውጡ ከ21 ተሸካሚዎች ስፋት ይበልጣል። ሶፍትዌሩ በዝግታ የሚመጣውን መንሸራተት ተከትሎ ሊያርም ይችላል፤ ስለዚህ ራዲዮውን ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ማሞቅ ይረዳል። ፈጣኑን መንቀጥቀጥ ግን አይችለውም። በተለይ የእርጅና ምልክት የሆነው፣ ከመብራት ኃይል የሚመጣው የ50 ኸርዝ እምምታ ሞገድ አመንጪውን ካንቀጠቀጠው እያንዳንዱ ተሸካሚ ጥላውን በ50 ኸርዝ ርቀት፣ ማለትም በጎረቤቱ ራስ ላይ ሊጥል ምንም አይቀረውም። ጆሯችን ችላ የሚለው እምምታ እዚህ መላውን መልእክት ያጠፋል። ሁነኛው መድኃኒት የውስጡን ሞገድ አመንጪ ትቶ በኳርትዝ ክሪስታል የሚመራ የተረጋጋ ሞገድ ከውጭ ወደ ቀላቃዩ ቫልቭ ማስገባት ነው።

አናሎግና ዲጂታል በአቀባበላቸው የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። አናሎግ ሥርጭት ሲደክም እያንኮሻኮሸ፣ እየራቀና እየቀረበ ይሰማል፤ አድማጩ ግማሹን በግምት ይሞላዋል። ዲጂታላዊው ግን ጥርት ብሎ ቆይቶ ከወሰኑ ሲያልፍ ገደል እንደገባ ሰው በድንገት ይጠፋል።

ሳንነግራችሁ የማናልፈው ጥንቃቄ

ውድ ተማሪዎች፣ የቫልቭ ራዲዮ እንደ ትራንዚስተር ራዲዮ በጣት የሚነካካ ዕቃ አይደለም። በአኖዶቹ ላይ ከ200 እስከ 250 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ኃይል አለ። ስፒናው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ይህን ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ በሬዚስተር በኩል ባዶ መደረጋቸውን በቴስተር ሳያረጋግጡ እጅ መስደድ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ከዚህም የከፋ አንድ ወጥመድ አለ። ርካሽ ሆነው የተሠሩ አንዳንድ ራዲዮኖች የኃይል ትራንስፎርመር የላቸውም፤ የብረት ሻሲያቸው ከ220 ቮልቱ መስመር ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። እንዲህ ያለውን ራዲዮ ከሪሲቨር ጋር ብናገናኝ ኃይሉ በሪሲቨሩ አልፎ ወደ ቴሌቪዥኑና በኬብሉ ጣራ ላይ ወዳለው ዲሽ ይደርሳል። ዲሹን ሊያስተካክል የወጣ ልጅ ምን እንደሚገጥመው ማሰብ አያዳግትም። ስለሆነም ትራንስፎርመር የሌለው ራዲዮ ያለ መለያ ትራንስፎርመር ከምንም ነገር ጋር መገናኘት የለበትም።

ለረጅም ዓመታት ያልተከፈተ ራዲዮንም በቀጥታ ሶኬት ላይ መሰካት አይገባም። አስቀድሞ የቮልቴጅ መምረጫው በ220 ላይ መሆኑ ይታይ፤ ከ110 ወይም ከ127 ላይ ተትቶ ሊገኝ ይችላልና። ያረጁት የወረቀትና የኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮች ተፈትሸው ይተኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ የጥንቱ ዓይነት ባለ60 ዋት አምፖል በተከታታይ ይገናኝለት፤ በውስጥ አጭር ግንኙነት ካለ አምፖሉ ደምቆ በመብራት ያስጠነቅቃል፤ ራዲዮውም ከመቃጠል ይድናል። ይህ ሁሉ ልምድ ያለው የራዲዮ ጥገና ባለሙያ ባለበት መሠራት ይኖርበታል።

መብራት ሲጠፋስ?

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ መብራትና ስልክ ተቋርጠው እንደነበር የሁለቱ ከተሞች ነዋሪዎች አይዘነጉትም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የትኛው ራዲዮ ይናገራል ብሎ መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ከኢንተርኔት የሚመጣው ድምፅ ከኔትወርኩ ጋር ይጠፋል። የሳተላይቱ ሞገድ በጣራችን ላይ መዝነቡን ባያቋርጥም ሪሲቨሩ መብራት ይፈልጋል። የቫልቭ ራዲዮውም ቢሆን እስከ 50 ዋት ያህል ስለሚበላ አያድነንም። የሚያድነን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትንሹ ትራንዚስተር ራዲዮ ነው።

ይሁንና ስሌቱን እንሥራው። 12 ቮልትና 60 አምፔር ሰዓት የሆነ የመኪና ባትሪ 720 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 360 ዋት ሰዓት እናገኛለን። የኢንቨርተሩን ብክነት ጨምረን ራዲዮው 59 ዋት ይወስዳል ብንል፣ 360 ÷ 59 ወደ 6 ሰዓት ይሆናል። በቀን አንድ ሰዓት ዜና ብቻ ለሚሰማ ቤተሰብ ይህ የ6 ቀን ስንቅ ነው። ይህም የሚሆነው የራዲዮው የአጭር ሞገድ ክፍል ሳይነካ ከቆየና የሚያሰራጭ ጣቢያ ካለ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ዓለም ወደ ኋላ እየቀነሰች መምጣቷ አይካድም፤ ለምሳሌ የአውስትራሊያ ራዲዮ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የአጭር ሞገድ ሥርጭቱን አቁሟል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትናቸው ሦስት በሮች ለቤተሰብ ራዲዮ የምንመክረው የጓሮ በሩን ነው። ርካሽ ነው፤ አደጋው ሊገታ ይችላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያለ ጉዳት ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል። የውስጥ በሩ ለላቦራቶሪ ነው፤ ለዚያም ሣጥኑ የተሰበረ፣ ቅርስነቱ ያለቀ ራዲዮ ይመረጥ። ሣጥኑን ቀድዶ፣ ቫልቮቹን አውጥቶ፣ በቦታቸው ዘመናዊ ሰሌዳ መክተት ግን መለወጥ ሳይሆን ማፍረስ ነው። የወርልድ ስፔስ ታሪክ እንዳስተማረን፣ ዛሬ አዲስ ያልነው ዲጂታላዊ ሰሌዳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያናግረው ሊያጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ አዲሱም አሮጌውም የለንም። አዲሱን ከውጭ አገናኝተን አሮጌውን እንዳለ ብናቆየው ግን አንዱ ሲያልፍ ሌላውን መተካት ቀላል ይሆናል።

ስለዚህ በበዓል ወደ ቤተሰቦቻችሁ ስትሄዱ በሳሎኑ ጥግ ያለውን ሣጥን ዳንቴሉን ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ስፒናውን ሳትሰኩ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ፤ የሸክላ መግቢያ፣ የቮልቴጅ መምረጫና የኃይል ትራንስፎርመር እንዳለው እወቁ። ከዚያም ባለቤቶቹን በእርሱ ምን ይሰሙ እንደነበር ጠይቁ። መልሳቸውን መዝግቡት፤ ያ ደግሞ ከራዲዮው ጋር ሊጠበቅ የሚገባው ሌላው ቅርስ ነው።

ራስን መፈተሻ ጥያቄዎች

1. በዲ አር ኤም የአጭር ሞገድ አሠራር በእያንዳንዱ ምልክት መካከል 5.33 ሚሊ ሴኮንድ መጠባበቂያ ጊዜ ይተዋል። ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ፣ በሁለት መንገድ የመጡ ሞገዶች እርስ በርስ ሳይረባበሹ እስከ ስንት ኪሎ ሜትር የመንገድ ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል?

2. የራዲዮው ሞገድ አመንጪ ከጣቢያው በላይ በመሆኑ የምልክቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ጎኖች ቦታ ይለዋወጣሉ። በ467 ኪሎ ኸርዝ ፈንታ 443 ኪሎ ኸርዝ ብንጠቀም ልዩነቱ አሁንም 12 ነው። በየትኛው ምርጫ ምልክቱ ወደ ትክክለኛ አቀማመጡ ይመለሳል? ለምን?

3. በኮምቦልቻ ያለ ተማሪ ሳተላይቱን በምን ያህል ከፍታ ያገኘዋል? ከደሴ ያለው የ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ለውጥ ያመጣል ወይስ አያመጣም? በስሌት አስረዱ።

መልሶቹን ከመምህራኖቻችሁና ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩባቸው። መልካም ጥናት!